ከምረቃው በኋላ ኮብሉ የማን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ስለ ኮሪደር ልማትና ስለ ዋና ዋና ጎዳናዎች ብዙ ይጻፋል፤ ይጻፍ። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ከደጁ ወጥቶ ታክሲ እስኪይዝ ድረስ የሚረግጠው የሰፈሩን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፤ በብዙ ሰፈርም ይህ መንገድ ኮብልስቶን ነው። ድንጋዩ ሲነቀል ነዋሪው ወረዳ ይሄዳል፣ ወረዳው ክፍለ ከተማ ጠይቁ ይላል፣ ክፍለ ከተማው ደግሞ የመንገዶች ባለሥልጣንን ይጠቁማል። እስከዚያው አንዷ ጉድጓድ ሦስት ትሆናለች። ይህን የምጽፈው ኮብል ለመጠገን ከሁሉም የመንገድ ዓይነት የሚቀለውና የሚረክሰው ሆኖ ሳለ፣ ለጥገናው ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ስላልተበጀለት ብቻ እየፈረሰ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ኮብልስቶን ወደ ከተሞቻችን በስፋት የገባው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ጠረባውንና ማንጠፉን አስተዋወቀ፤ በዓለም ባንክ የሚደገፈው የከተሞች የአካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮጀክትም ለበርካታ ከተሞች ገንዘብ አቀረበ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ጠራቢና አንጣፊ ሆኑ። በየሰፈሩ ነዋሪው ኮሚቴ መርጦ፣ በየቤቱ አዋጥቶ የወጪውን ከፊል ሲከፍል ቀሪውን መስተዳድሩ ሸፈነ። ይህ የአከፋፈል ስልት ለግንባታ በደንብ ሠርቷል፤ ብዙ ጭቃ ሰፈር በዚህ መንገድ ከጭቃ ወጥቷል። ሆኖም ስልቱ የታሰበው ለአንድ ጊዜ ነበር። ሪባኑ ሲቆረጥ ኮሚቴው ይበተናል፣ የባንክ ሂሳቡ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ለዚያ መንገድ አንድ ሳጥን አሸዋ ልግዛ የሚል አካል አይገኝም።

ብዙ ሰው ድንጋዮቹን አያይዞ የያዛቸው ሲሚንቶ ይመስለዋል። ሲሚንቶ የለም። ከሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ አለ። በላዩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይደለደላል፤ ከዚያ በሁሉም ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ይደረደራል። በድንጋዮቹ መካከል የሚቀረው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንደገና በአሸዋ ይሞላል። በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 90 ድንጋይ ይገባል፤ ክብደቱ 250 ኪሎ ገደማ ነው። ጎማ አንዱን ድንጋይ ሲጫነው በክፍተቱ ውስጥ ያለው አሸዋ ጭነቱን ለጎረቤት ድንጋዮች ያካፍላል። በቅስት የሚነጠፈውም ለዚህ ነው፤ ተጭኖ ሲገፋ ይበልጥ ይጠብቃል፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ከርብ ስቶኑ፣ ማለትም የመንገዱ የጠርዝ ድንጋይ፣ እንዳይከፈት ይይዘዋል። ዳገት ላይ ሥራው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ የሚሄደው፣ የቅስቱም ጀርባ ወደ ዳገቱ የሚዞረው በዚሁ ምክንያት ነው። በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ቁልቁለቶች ይህ ካልተጠበቀ ድንጋዩ በፍሬን ብዛት እየተንሸራተተ ወደ ታች ይከማቻል።

እንግዲህ መንገዱ የሚበላሸው አሸዋው ከክፍተቱ ሲወጣ ነው። አሸዋውን የሚያወጣው ከሁሉ በላይ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ሥር ብታዩ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ጠብታ መንገዱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል። በዚያ መስመር ያሉት ድንጋዮች አሸዋቸው ወጥቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አላቸው፤ ከመስመሩ አንድ ክንድ የራቁት ግን እንደ ተነጠፉ ናቸው። ላቫጆ ያለበት በር ላይም እንዲሁ ነው፤ በግፊት የሚረጨው ውሃ በአንድ በጋ የክረምትን ሥራ ይሠራል። ጠንካራ መጥረጊያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ደረቁን አሸዋ እየጠረጉ ከቆሻሻው ጋር በማዳበሪያ መሙላት በየሰፈሩ በየጠዋቱ የሚታይ ነው፤ ጠራጊዎቹ ክፍተቱ ባዶ መሆን እንደሌለበት ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ድንጋይ አሸዋው ወጥቶ መንገዳገድ ከጀመረ ዝናብ ሲመጣ እንደ ፓምፕ ይሠራል። ጎማው ሲጫነው ከሥሩ ያለው ውሃ አሸዋውን ይዞ በክፍተቱ ይፈነጠራል፤ ሲለቀው ቦታው ባዶ ይሆናል። ድንጋዩ ሲወጣ በዙሪያው ያሉት ስድስቱ አንድ ጎናቸው ክፍት ሆነ ማለት ነው። በግንቦት አንድ ባሬላ አሸዋና የግማሽ ሰዓት ሥራ ይበቃው የነበረው ቦታ በነሐሴ አምስትና ስድስት ካሬ ሜትር የፈረሰ መንገድ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ጉድጓድ እየቆጠሩ መጠገን ዘግይቶ መድረስ ነው።

የቦዩን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። መንገዱ ከመሐል ወደ ዳር በአንድ ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ተደርጎ የሚነጠፈው ውሃው ቶሎ ወደ ቦይ እንዲገባ ነው። መኪና ያለው ሰው በሩ ፊት ቦዩን በኮንክሪት ደፍኖ መግቢያ ይሠራል። ቱቦ ቢያስገባም ቀጭን ይሆንና በመጀመሪያው ዶፍ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘጋል። ከዚያ ውሃው ቦዩን ትቶ በመንገዱ መሐል ይሄዳል፤ የሚፈርሰውም ከመግቢያው በታች ያለው የሌላ ሰው ደጅ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። መግቢያው ሊነሣ በሚችል የብረት ፍርግርግ ወይም እጀታ ባለው የኮንክሪት ክዳን ይሠራ፤ ሁለት ሰው አንሥቶ ሊጠርገው የማይችል ክዳን አይፈቀድ።

ከዝናብ ቀጥሎ ትልቁ አፍራሽ ቁፋሮ ነው። ውሃ ለመቀጠል፣ ኬብል ለመዘርጋት፣ የፍሳሽ መስመር ለማገናኘት ኮብሉ ይነሣል። ኮብልን ከአስፋልት የሚለየው ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ የተነሣው ድንጋይ ተመልሶ ይገባል፣ ሳይታወቅም ሊጠገን ይችላል። በሥነ ሥርዓት ከተሠራ። ለምሳሌ 10 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር እንበል። ቆፋሪው የሚያነሣው ከቦዩ በላይ ያሉትን ድንጋዮች ብቻ ከሆነ ገና ሲጀምር ተሳስቷል፤ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ረድፍ ያህል ጨምሮ ማንሣት አለበት። አለዚያ የቦዩ ጠርዝ ሲናድ ዳር ላይ የቀሩት ድንጋዮች ሥራቸው ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የሚነሣው 11 ካሬ ሜትር ነው፤ ወደ 1,000 ድንጋይ፣ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ። የመጀመሪያው ድንጋይ በድጂኖ ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ሌላው በእጅ ይለቀማል። ድንጋዩ ከአፈር ጋር ሳይቀላቀል በአንድ ወገን ይደርደር፤ ሜዳ ላይ ተበትኖ ካደረ የምድጃ ጉልቻና የደጃፍ መርገጫ ሆኖ ጠዋት ሁለት መቶው የለም።

ቱቦው ከተቀበረ በኋላ አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተደረገ፣ በየደረጃው እየተጠቀጠቀ ይመለሳል፤ ለዚህ ጥልቀት አራት አምስት ጊዜ ማለት ነው። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማይንጠባጠብበት እርጥበት ይኑረው። በተግባር የሚታየው ሁሉንም ባንዴ ገልብጦ ላዩን በእግር መርገጥ ነው። ላዩ ጠንክሮ ይታያል፤ ውስጡ እስከ ሐምሌ ይጠብቅና ይሰምጣል። ዋልካ ባለበት ሰፈር፣ ቦሌንና አቃቂን በመሰለው ሜዳ፣ የወጣው ጥቁር አፈር ጨርሶ መመለስ የለበትም። ውሃ ሲጠጣ አብጦ ድንጋዩን ያነሣል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይጥለዋል። ተጭኖ ይወሰድና በምትኩ ገረጋንቲ ይግባ።

አሸዋው ሻካራና ንጹሕ ይሁን። በእርጥብ መዳፍ ሲታሸት ጭቃ የሚተው ከሆነ አይሆንም፤ ጭቃው ሲርስ ድንጋዩን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። ሲባጎ ተወጥሮ፣ በውሃ ልክ ታይቶ፣ ድንጋዩ ከነባሩ መንገድ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይደርደር፤ ሲጠቀጠቅ ይወርድና እኩል ይሆናል። ከመጀመሪያው እኩል አድርጎ የሚያነጥፍ ሰው ጎድጓዳ መንገድ ትቶ ይሄዳል፤ ይህ ስህተት ከሁሉም ይበዛል። በክፍተቱ የሚገባው አሸዋ ደረቅ መሆን አለበት፣ እርጥብ አሸዋ አፉ ላይ ይቆማል እንጂ አይወርድም፤ ሸራ ላይ አስጥቶ በወንፊት መንፋት ይበቃል። አሸዋ ይጠረግበት፣ ይጠቅጠቅ፣ እንደገና አሸዋ ይጠረግበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የጎደለውን መሙላት የሥራው አካል ነው። ለ11 ካሬ ሜትሩ የሚያስፈልገው አዲስ ዕቃ ከሦስት አራተኛ ሜትር ኩብ አሸዋ ብዙም አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ቀርቶ አሁን የተለመደው ጉድጓዱን በሲሚንቶ መድፈን ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ፎቶም ያምራል። ነገር ግን ኮንክሪቱ አይንቀሳቀስም፣ ዙሪያው ያለው ኮብል ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ክረምት በዳሩ ይከፈታል፣ ውሃው በዚያ ይገባል። በቀጣዩ ቁፋሮ ደግሞ ድንጋዩ ሲሚንቶ ተጣብቆበት ስለሚወጣ ለዳግመኛ ሥራ አይውልም። ኮብል ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ እንደ ጥገና ተቆጥሮ ክፍያ ባይፈጸምበት ደስ ይለኝ ነበር።

ከባድ መኪናንም በአጭሩ። እነዚህ መንገዶች ለቤት መኪና፣ ለባጃጅና አልፎ አልፎ ለሚገባ አይሱዙ ይበቃሉ። ሰፈር ውስጥ ፎቅ ሲጀመር አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማው ባለበት ሲዞር ቅስቱን ይፈታዋል፣ ከርብ ስቶኑን ወደ ቦይ ይገፋዋል። የግንባታ ፈቃድ የወሰደ ሰው ግንባታው ሲያልቅ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ኮብል በነበረበት እንዲመልስ ማስገደድ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የዕቃ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በመጠን ላስላው። 1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 5,000 ካሬ ሜትር ነው። በዓመት 2 በመቶውን አንሥቶ እንደገና ማንጠፍ ቢታቀድ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ወደ 9,000 ድንጋይ። ከእነዚህ አንድ አሥረኛው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ቢተካ 900 አዲስ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ፣ አንድ አይሱዙ የሚሸከመው ነው። ለተነሣው ቦታ 6 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ፣ በመላው መንገድ ላይ ከየክፍተቱ አፍ 2 ሳንቲ ሜትር የጎደለውን ለመሙላት ደግሞ ወደ 10 ሜትር ኩብ። ሲደመር 16 ሜትር ኩብ፤ ይህ የአንድ ሲኖትራክ ጭነት ነው። አንድ አንጣፊና ሦስት ረዳት ቦይ መጥረጉን ጨምሮ በሦስት ሳምንት ይጨርሱታል። ለኪሎ ሜትር መንገድ በዓመት አንድ መኪና አሸዋ፣ አንድ ጭነት ድንጋይ፣ የአራት ሰው የሦስት ሳምንት ደመወዝ። ሙሉውን መንገድ ዳግም ማንጠፍ ምን እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ጋር ያስተያየው።

ይህ ከየት ይምጣ? በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ገቢው በዋናነት ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ነው። ነዳጅ የሚቃጠለው በአውራ ጎዳናው ላይ ስለሆነ ገንዘቡ ወደዚያ ቢያደላ አይደንቅም፤ በሰፈር መንገድ ላይ የሚሄደው አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው። ለሰፈር መንገድ የሚቀርበው ምንጭ የቤት ግብር ይመስለኛል። የጣራና ግድግዳ የሚባለው ግብር ከ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ጀምሮ ይከፈላል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ደጁ ኮብል የተነጠፈለት ቤት ዋጋው ይጨምራል፣ ግብሩም አብሮ። ከዚህ ግብር ላይ ተቆርጦ በየወረዳው ባለው የኮብል ርዝመት ልክ የሚከፋፈል፣ «የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጥገና» የሚል ስም ያለው የራሱ የበጀት መደብ ያስፈልጋል። በሌላ ወጪ ውስጥ ተደብቆ ከተቀመጠ በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

በሌላ አገርም ይህን አስበውበታል። ቺካጎ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የጓሮ መንገድ አላት። ከተማዋ በ50 ምርጫ ክልሎች ተከፋፍላ ለእያንዳንዱ በየዓመቱ ለመንገድ፣ ለጓሮ መንገድና ለመብራት የሚውል የተወሰነ ገንዘብ ይመደባል፤ በአንዳንዶቹ ነዋሪው ራሱ ድምፅ ሰጥቶ የትኛው ይቅደም የሚለውን ይወስናል። ብዙዎቹ መንገዶች የጎርፍ ቱቦ ስላልነበራቸው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ውሃ ወደ መሬት የሚያሰርግ ንጣፍ ሲሞክሩ ቆይተዋል። የእኛ ኮብል ይህን በከፊል በተፈጥሮው ያደርጋል፤ ዋልካ ላይ ግን ውሃ ማስረግ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነውና ያን ክፍል እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። የሚቀዳው በየዓመቱ መጠኑ የሚታወቅ ገንዘብ ለሰፈር መመደቡ ነው።

ከቆፋሪው የሚገኘው ማስያዣም ትልቅ ነገር ነው። ፈቃድ ሲሰጥ የሚነሣው ካሬ ሜትር ተለክቶ፣ መንገዱን በሌላ አንጣፊ ለማሠራት የሚበቃ ገንዘብ ይያዝ። የሚመለሰው ቁፋሮው በተደፈነ ማግስት ሳይሆን አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ መስከረም ላይ ታይቶ ነው። ቦታው ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰመጠ ገንዘቡ ለዚያው ወረዳ ይግባ። ቆፋሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆንም እንዲሁ፤ ይበልጡን የሚቆፍሩት እነሱ ናቸውና።

የነዋሪው መዋጮ ይቀጥል ወይ ለሚለው፣ በየዓመቱ አነስተኛ ቢሆን አልቃወምም። ግን በሞዴል 64 ደረሰኝ ይሰብሰብ፣ የተገዛው አሸዋና ድንጋይ በሜትር ኩብና በቁጥር ተጽፎ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ጊዜ አዋጥቶ ምን እንደተሠራ ያልተነገረው ሰው ሁለተኛ ሲጠየቅ በሩን አይከፍትም፤ አይፈረድበትም።

ለወረዳዎች በዚህ ዓመት ያለ አዲስ ሕግም የሚቻል ነገር አለ። ለልማት ከሚፈርሱ ሰፈሮች የሚነሣው ኮብል ከፍርስራሹ ጋር ሳይቀላቀል ይለቀም፣ በወረዳው ግቢ ጥግ ሁለትና ሦስት ሺህ ድንጋይ ይደርደር። ያረጀ ድንጋይ ፊቱ ቢለሰልስም ተገልብጦ ይነጠፋል። አሸዋው ግንቦት ሳያልቅ ይገዛ፤ ሰኔ ከገባ ዋጋው ከመናሩም በላይ እርጥብ ሆኖ ይመጣል። አንድ ሰው በመንገዱ መሐል እየሄደ በእግሩ ተረከዝ ይምታ፤ የሚንገዳገደውን ድንጋይ ድምፁ ይናገራል። እሱን በኖራ ምልክት እያደረገ ይለፍ፣ አንጣፊዎቹ በማግስቱ ምልክቱን ተከትለው ይምጡ። አንድ ኪሎ ሜትር በዚህ አኳኋን ለማየት ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንገድ ሥራ ባለሙያ
አዲስ አበባ